ቅዳሴ ቅዳሴ የሚል ሳሙና

ባለፈው ጥቅምት አዲስ አበባ ውስጥ መስታወት የበዛበት አንድ ሱቅ ገብቼ ለሰው የምወስደው ስጦታ ስፈልግ፣ በቃጫ የታሰረች ቡናማ ሳሙና አንስቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁና፣ ሳላስበው ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አየሁ። ማንም አልነበረም። ማሸጊያው ላይ «በተፈጥሮ እጣንና ከርቤ የተዘጋጀ፣ መንፈስን የሚያረጋጋ» ተብሎ ተጽፏል። ሽታ የልጅነትን በር ይከፍታል እያሉ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ ማዶ የሚያገኙት የእናት ጉያ ወይም የጓሮ አበባ ነው። እኔ ያገኘሁት ካድሬ ነው። መንፈሴም አልተረጋጋም።

አሰላ ውስጥ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሳሙና ከገበያ የጠፋበት ክረምት ስምንት ዓመቴ ነበር። በቀበሌው ሱቅ ሳሙና መጣ በተባለ ቁጥር ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ ይሰለፍ ነበር፤ ተራ ሲደርስ ግን የሚገኘው ብዙ ጊዜ ክብሪት ነበር። ክብሪቱንም ተቀብለን፣ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትን፣ ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም ፊታችንን እያረጠበው እንመለስ ነበር። ለልብስ እንዶድ ነበረ። ለገላ ግን እንዶድ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል፣ ታጥቦ የወጣውንም ሰው ያለቀሰ ያስመስለዋል።

እናቴ በላይነሽ በሰው እጅ የተሠራን ማንኛውንም ነገር በራሷ እጅ መድገም እንደምትችል የማትጠራጠር ሴት ነበረች። በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ለሴቶች በተሰጠ የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ የሳሙና አሠራር ተምራ መጣችና፣ «ሳሙና ማለት ሞራና ኮስቲክ ሶዳ ነው፣ ሌላው ወሬ ነው» ብላ አወጀች። ሞራ ችግር አልነበረም፤ የአርሲ በግ ላቱን ተሸክሞ መራመድ እስኪያቅተው ይሰባል። ኮስቲክ ሶዳው ግን ከአንድ መጋዘን በጓሮ በር የወጣ ስለነበር ቤታችን ውስጥ ስሙ አይጠራም፣ «ዱቄቱ» ይባል ነበር። ዱቄቱ በመጀመሪያው ቀን የአሉሚኒየም ድስታችንን እየጨሰ በላው። እናቴ ወደ ሸክላ ማሰሮ ተዛወረች። ሞራውን አቅልጣ፣ አጥልላ፣ የዱቄቱን ውሃ በቀጭኑ እያንቆረቆረች፣ እንደ አጥሚት እስኪወፍር ድረስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስታማስለው ትቆይና፣ ከአባቴ ጠረጴዛ በነቀለችው መሳቢያ ውስጥ ትገለብጠው ነበር። ሲረጋ በሲባጎ ቆርጣ ቆጥ ላይ ደርድራ አንድ ወር ታደርቀዋለች።

ሳሙናው ያጸዳል። በዚህ ማንም ሊያማት አይችልም። ችግሩ በግ በግ ማለቱ ነበር። ታጥበን በወጣን ቁጥር ከመታጠባችን በፊት ያልነበረ ጠረን ይዘን እንወጣ ነበር። ጠዋት አባቴ ወደ ሥራ ሲሄድ ከበራችን ሁለት ውሾች ይከተሉት ነበር፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ አምስት ይሆናሉ። አንድ ባለጋሪ በየቀኑ ፈረሱን ገታ እያደረገ፣ «ጋሽ መኮንን፣ ዛሬስ መንጋውን ወዴት እየነዱት ነው?» ይለው ነበር።

ይህ ለሌላ ሰው ቀልድ ነው፤ ለአባቴ ግን ሥቃይ ነበር። አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ በዚያ ዘመን የነበረው ብቸኛ ምኞትም አለመታየት ነበር። በስብሰባ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ማጨብጨብ አይጀምርም፣ ከመጨረሻዎቹም ጋር አይቆይም፤ መሃል ላይ ያጨበጭብ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለመጨረሻ ጊዜ የገባው እኔ ክርስትና ስነሳ ነው። ከዚያ ወዲህ ካድሬዎቹ እንዳያዩት ፈርቶ ቀረ፣ እናቴም ለእሱ ስትል ቀረች። ይህን ሁሉ መስዋዕትነት ከፍሎ ካበቃ በኋላ በአምስት ውሻ ታጅቦ መሥሪያ ቤት መግባት ምን ያህል እንደሚያበግን አስቡት።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ አዴ ዘይነባ ብቅ አሉ። አዴ ዘይነባ በገበያ ቀን ከዴራ በአውቶቡስ እየመጡ እጣን፣ ከርቤና ቅመም የሚሸጡ፣ ቆላ የለመደ ገላቸው አሰላን ፈጽሞ ይቅር ያላላት ሴት ነበሩ። ገበያው ሲፈታ እጃቸውን ሊያሞቁ እኛ ቤት ይገቡ ነበር። የዚያን ቀን እናቴ እጃቸውን ልታስታጥብ ሳሙናውን ስታቀብላቸው አሸተቱትና፣

«ኤዬ በላይነሽ! ይሄ ሳሙና ገና አልታረደም እኮ!» አሉ።

እናቴ እስክትቆጣ አልጠበቁም፤ ከጆንያቸው አንድ እፍኝ እጣንና ግማሽ እፍኝ ከርቤ ዘግነው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እናቴ ለመጠየቅ ጊዜ የምታጠፋ ሴት ስላልነበረች ሙጫውን ወቅጣ፣ በማግስቱ ሳሙናው መወፈር ሲጀምር ከነጉርዱ ጨመረችው። ሳሙናው እንደደነገጠ ሰው ድርቅ አለ። ማማሰያው መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቢጎትቱት አይወጣም፣ ቢያዞሩት ማሰሮው አብሮ ይዞራል። በመጨረሻ ማሰሮው ተሰበረና ሆዱን የሚያህል፣ እጀታ ያበቀለ ሳሙና ወጣ፤ በእሱ ለብዙ ወራት ወለል አጠብንበት። ከዳሩ የተቆረሰውን አባቴ ፊቱን ሊታጠብበት ሞከረና ያልተፈጨው ሙጫ ጉንጩን ገሽልጦት መሥሪያ ቤት ድመት የቧጨረው መስሎ ሄደ።

አዴ ዘይነባ በሳምንቱ መጥተው እጀታ ያለውን ሳሙና ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ቅቤ ስታነጥሪ ኮረሪማውን በመጨረሻ ትጨምሪያለሽ እንዴ? ቅቤው ውስጥ አይደል የሚበስለው? ይሄም ያው ነው። ሞራው ላይ ነው መዓዛው የሚገባው፣ ሱታ፣ በቀስታ!» እናቴን ያሳፈራት ይኸኛው ነበር፤ በቅቤ አነጣጠር አሰላ ውስጥ የሚስተካከላት አለ ብላ አታምንም ነበርና። ሞራው በደከመ ፍም ላይ ተጣደ፣ እጣኑና ከርቤው ገባበት፣ እንዳይፈላ እየተጠበቀ ቀኑን ሙሉ ዋለ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠለለ። ሙጫው ጨርቁ ላይ ቀረ፣ መዓዛው ሞራው ውስጥ ቀረ። ከዚህ ሞራ የተሠራው ሳሙና ቀለሙ እንደ ጠላ ድፍድፍ ጠቆር ያለ፣ ሽታው ግን ቤት የሚሞላ ሆነ። እናቴ ግማሹን ቆጡ ላይ፣ ግማሹን ልብሳችን መሃል እንዲደርቅ አስቀመጠችው። ውሾቹ ተበተኑ። ባለጋሪው ዝም አለ። አባቴ ለጥቂት ቀናት እንደገና የማይታይ ሰው ሆነ።

አሁን ሳስበው ስሕተቱ የማንም አይደለም፣ ወይም የሁላችንም ነው። ያ ሽታ ለአዴ ዘይነባ የሰርግ ቤት ሽታ ነበር። ለእናቴ የድል ሽታ ነበር። ቅዳሴ ከሄድን ስምንት ዓመት የሞላን ሰዎች ስለሆንን፣ ያ ሽታ በዚህ አገር የየት ሽታ እንደሆነ የሚያስታውስ አፍንጫ ቤታችን ውስጥ አልነበረም። እናቴ በኋላ «እኔማ አውቄው ነበር» ትል ነበር። አላወቀችም።

በአባቴ መሥሪያ ቤት በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት የውይይት ክበብ ይካሄድ ነበር። ሰብሳቢው ጓድ ሽመልስ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ካድሬ ነበር። የቄስ ልጅ ነው ይባላል፤ ማንም ግን ፊቱ አይለውም። ኅዳር ውስጥ አንድ ሰኞ ስለ ንቃተ ኅሊና እያብራራ ሳለ በድንገት አቆመና አየሩን ማገ።

«ጓዶች» አለ፣ «እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከቅዳሴ የመጣ ሰው አለ።»

ሰው ሁሉ ቀዘቀዘ። አንዱ ድፍረት አግኝቶ፣ «ምናልባት ከሰፈር የመጣ ጢስ...» ሲል፣ ጓድ ሽመልስ ቀበል አድርጎ፣ «የቤት ጢስ አይደለም! ይሄ የቤተ መቅደስ እጣን ነው፣ ከርቤ አለበት» አለ። እንዴት ለይተህ አወቅህ ብሎ የሚጠይቀው ጀግና አልተገኘም። ወንበሩን ትቶ በየረድፉ እያሸተተ ሄዶ ሄዶ አባቴ ፊት ቆመ።

«ጓድ መኮንን፣ ትናንት እሑድ የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«ምን ሲሠሩ?»

«ገላዬን ስታጠብ።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አባቴ በሕይወቱ ሙሉ ሰው አስቆ አያውቅም፤ ያን ጊዜም እውነቱን መናገሩ ነበር። ጓድ ሽመልስ ግን ሳቁን እንደ ንቀት ቆጠረውና በሚቀጥለው ሰኞ በጉባኤው ፊት ግለሂስ እንዲያቀርብ ወሰነ። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት አንገቱ ላይ ማተብ የተገኘበት አንድ ባልደረባቸው ግለሂስ አቅርቦ በሳምንቱ በረሃ ተመድቦ ሄዷል፤ ሚስቱና ልጆቹ አሰላ ቀርተው ነበር። አባቴ ቤት የገባው ይህን እያሰበ ነው። በሩ ላይ ቆሞ የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ሳልሄድ!»

እውነቱን ተናግሮ እንዳይገላገል እውነቱ ከውሸቱ የባሰ ነበር። ሳሙና ነው ቢል፣ ሳሙና ከየት አመጣህ ይባላል፤ ቤት ነው የተሠራው ቢል፣ ዱቄቱ ከየት መጣ ይባላል፤ ዱቄቱ ከመጣበት ሰው ጀምሮ እስከ እናቴ ድረስ አሻጥረኛ የሚባሉ ሰዎች ሰልፍ ይወጣል። ሄጃለሁ ቢል በረሃ ይሄዳል። አልሄድኩም ቢል ሽታው ይመሰክርበታል። ለሦስት ቀን በእንዶድ ታጠበ፣ በአመድ ታጠበ፣ ኮቱን አጥር ላይ አሰጣው። ሽታው ግን ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር፤ አዴ ዘይነባ ሥራቸውን ያውቁበታል። በአራተኛው ቀን በእንዶድ በቀላ ዓይኑ እናቴን አያት።

«በላይነሽ፣ ሳሙናውን ጉድጓድ ቆፍረሽ ቅበሪው።»

«ስንቱን? ገና አርባ አለኝ።»

«አርባውንም!»

እናቴ ቀና ብላ ቆጡን አየች። ከዚያ ሳሙናዎቹን አወረደችና በመንግሥት ጋዜጣ አንድ በአንድ መጠቅለል ጀመረች።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አላት።

«አንተ ብቻህን ስትሸት ነው ነገሩ። ሁሉም ከሸተተ ማንን ሊያነሳ ነው?»

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ዘንቢሉን በአንድ ጆሮው እሷ በሌላው ይዘን፣ የአባቴን መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ቤት አንድ በአንድ አንኳኳን። ሁለት ወር ሙሉ ሳሙና ያላዩ ሴቶች በር ሲከፍቱና ጋዜጣውን ሲፈቱ የነበረውን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። ለምን እንደምትሰጥ የጠየቀች አልነበረችም። አንዷ ብቻ አሸትታ፣ «እትዬ በላይነሽ፣ ይሄ ነገር ቅዳሴ ቅዳሴ አይልም?» ስትላት እናቴ ፊቷን ሳትለውጥ፣ «ንጹህ ነገር ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሸተው» አለቻት።

ቅዳሜ ዘንቢሉ ውስጥ ሁለት ሳሙና ሲቀር እናቴ በጓድ ሽመልስ በር ላይ ቆመች። ልመለስ ብላ ዞረች፣ እንደገና ዞረችና አንኳኳች። የከፈተችልን ሚስቱ ጥሩነሽ ነበረች፤ አራስ ልጅ የታቀፈች፣ ዓይኗ በእንዶድ የቀላ ልጅ እግር ሴት።

«ለልጅሽ ጨርቅ ማጠቢያ ይሆንሻል ብዬ ነው» አለች እናቴ።

ጥሩነሽ ጋዜጣውን ፈታ አሸተተችና ቀና ሳትል ቆየች። እኔ አፍንጫዋ ታሞ መስሎኝ ነበር። ቆይታ፣ «ካገባሁ ወዲህ አሽትቼው አላውቅም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ልጅ እኮ አርባ ቀኑ አለፈ፣ ክርስትና አልተነሳም። እሱ ሽታው ያስታውቃል ይላል። ተደብቀሽ ብትሄጂ ስትመለሺ አውቅብሻለሁ ይለኛል፣ አፍንጫው እኮ የውሻ ነው» አለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ለምን እንደመጣች የነገረቻት በዚያው በደጃፉ ላይ ነው። የአባቴን ነገር፣ የሰኞውን ነገር፣ ሁሉንም። ነገሩ እብደት ነበር፤ ጥሩነሽ ለባሏ ብትናገር እናቴም አብራ ታልቅ ነበር። ጥሩነሽ ግን ሁለቱንም ሳሙና ከዘንቢሉ አወጣችና፣

«ሰኞ ጠዋት ፀጉሩን እኔው አጥበዋለሁ። ሸሚዙንም ነገውኑ» አለች።

ሰኞ የሆነውን ከአባቴ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ቢጨምርበትም አጥንቱ አልተለወጠም። አዳራሹ ሲገቡበት ፍጹም የበዓል ጠዋት ይሸት ነበር። ሠራተኛው ሁሉ በንጽሕና እያበራ ተቀምጧል፤ ሁሉም የጎኑን ሰው አንዴ ያሸትታል፣ አንዴ ደግሞ የራሱን እጅጌ። ጓድ ሽመልስ በመጨረሻ ገባ፣ ፀጉሩ ገና እርጥብ ነው። ከሁሉ የበለጠ የሚሸተው እሱ ነበር። መድረኩ ላይ ወጥቶ «ጓዶች» አለና አየሩን ማገ። ወደ ግራ ማገ፣ ወደ ቀኝ ማገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ማስታወሻውን የሚፈልግ መስሎ፣ አገጩን ወደ ኮሌታው ዝቅ አድርጎ አሸተተ። አባቴ እንደሚለው የሰው ፊት ያን ያህል ቀለም ሲለዋወጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየም።

«የዛሬው ርዕሳችን» አለ በመጨረሻ፣ «የምርት ዘመቻ ነው።»

እዚህ ላይ ነገሩ ማብቃት ነበረበት። አባቴ ግን ሦስት ገጽ ግለሂስ ጽፎ፣ ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ ነበር፤ ያልተነበበ ግለሂስ ደግሞ ነገ የሚመዘዝ ነገር መስሎ ታየው። እጁን አወጣ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ግለሂሴን አዘጋጅቼ...»

«ይቀመጡ፣ ጓድ መኮንን።»

«ሦስት ገጽ ነው፣ ባጭሩ...»

«ይቀመጡ አልኩ!»

አባቴ ተቀመጠ። አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አባቴም መሃል ላይ ደርሶ አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ በነበረው በጋ ሁለት ጊዜ፣ በበልጉም አንድ ጊዜ እናቴ ያንን ሳሙና ሠራች። የገና በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ሴቶች አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፤ ሁሉም በየቀኑ ቅዳሴ ቅዳሴ ካለ፣ በእርግጥ ቅዳሴ የሄደችውን ማንም ሊለያት አይችልም። እሑድ ጠዋት «ገበያ» እያሉ በጓሮ መንገድ መውጣት ጀመሩ። ጥሩነሽ ልጇን ታቅፋ ሄዳ ክርስትና አስነስታ ስትመለስ ጓድ ሽመልስ አቅፎ ሳማት፣ አሸተታት፣ «ምነው ይሄን ሳሙና አበዛሽው» ብሎ ዝም አለ ይባላል። አውቆ ነው ሳያውቅ የሚለው በሰፈራችን ለዓመታት አከራክሯል፤ እኔ የቄስ ልጅ አፍንጫ አይሳሳትም ከሚሉት ወገን ነኝ። እናቴም ያኔ መሄድ ጀመረች። ያልሄደው አባቴ ብቻ ነበር። ሽፋኑ የተሠራው ለእሱ፣ የተጠቀመበት ግን ሌላው ሁሉ ሆነ። «አንተስ?» ስትለው፣ «እኔ በመዝገብ ላይ ሄደሃል ተብያለሁ፣ ይበቃኛል» ይላት ነበር። በኋላ በቀበሌው ሱቅ ሳሙና መጣ፣ አዴ ዘይነባም እድሜ ተጫናቸውና ከዴራ መውጣት አቆሙ።

አባቴ ዛሬ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እዚያው አሰላ፣ እዚያው ቤት ይኖራል። ዘመኑ ተገልብጧል፤ ያኔ ሰው እምነቱን ከልብሱ ላይ ያጥበው ነበር፣ አሁን በመኪናው መስታወት ላይ ይለጥፈዋል፣ ከሌሊት ጀምሮም በድምፅ ማጉያ ይነግረናል። አባቴ ግን ያው ነው፣ አሁንም አይሄድም። ያኔ በፍርሃት ቀረ፤ አሁን፣ ለመሄድ ነፃ ከሆነ በኋላ፣ ባለመሄድ ነፃ መሆንም ያለበት ይመስለዋል። ባለፈው ጥር ልጠይቀው ሄጄ ሳለ ሦስት የእድር ሽማግሌዎች መጡ። ከሦስቱ አንዱ ያን ሰኞ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። በትሕትና ተቀመጡና፣ ንስሐ አባት የሌለው፣ ቤተ ክርስቲያን የማይታይ ሰው ቀኑ ሲደርስ የት እንደሚቀበር እንዳሳሰባቸው ተናገሩ። «ጋሽ መኮንን፣ ለእርስዎው ብለን እኮ ነው» አሉ።

አባቴ አዳምጦ ጨረሰና፣ «ያኔ ሄደሃል ብለው ከሥራ ሊያባርሩኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ አልሄድክም ብላችሁ ከመቃብር ልታባርሩኝ ነው?» አላቸው። ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። ሸኝቻቸው ስመለስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሲሄዱ ያያቸዋል። እናቴ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው።

«በላይነሽ ብትኖር» አለኝ፣ «እነዚህ ሰዎች ገና ጥጉ ጋ ሳይደርሱ ተነስታ የሁሉንም በር ታንኳኳ ነበር።»

«ምን ይዛ?» አልኩት።

ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ በምን አውቃለሁ» አለ፣ «እሷ አትቸገርም ነበር።»